የመክሻ ክኒንና የሰባት ቤት ቆጠራ

ሰው የሚከሳው ወይ ሲታመም፣ ወይ ሲያፈቅር፣ ወይ ሲታሰር ነው። በፈቃዱ መድኃኒት አፈላልጎ፣ ውጦ የሚከሳ ሰው ካያችሁ ግን... ጅል ነው! እንዴት አወቅህ ትሉኝ እንደሆነ፣ ጅሉ እኔ ነኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ቢቸና መምህር ነበርኩ። የመንግሥት ደመወዝና የእናቴ እጅ ተባብረው ሆዴን አሳምረውት፣ ከእኔ ቀድሞ ክፍል ይገባ ነበር። በዚያ ጊዜ ሆድ ማዕረግ እንጂ ነውር እንዳይመስላችሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እሰይ! ሞላ ብለሃል፣ አምሮብሃል!» ይለኛል። ቀጭኑ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ሲባል ይውላል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ክብር በእጄ ይዤ ነው ጉድ የሠራሁት... ስሙኝማ!

ስማቸው የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ሞጣ ላይ ልጅ ወደደ። እናትነሽ ትባላለች፤ የግራዝማች ደሴ ልጅ ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ግራዝማችም እንደ ወጉ «ዘመድ እንጠይቅ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ሁለተኛው ጉዞ ዘር ተቆጥሮ ቁርጡ የሚነገርበት ነው። ከሁለቱም ወገን አያት እየተጠራ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አንድ ስም ከገጠመ ዘመዳሞች ናችሁ ተብሎ ጋብቻው ይቀራል። የእኛን ወገን እንድቆጥር የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ እናቴ «ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይቁምልኝ! የመንግሥት ሰው እንዳለን ይወቁ» ብላ ስለ ወሰነች ነው።

ሙሉ ልብሱ ከመምህራን ማሠልጠኛ ስመረቅ ያሰፋሁት ግራጫ ሱፍ ነው። ከሳጥን አውጥቼ ስሞክረው እግሬን ተቀበለ፣ ጭኔን እያጉረመረመም ቢሆን ተቀበለ፣ ወገቤ ላይ ሲደርስ «አላውቅህም» አለኝ። ቁልፉና ቀዳዳው እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች በሩቁ ተያይተው ቀሩ። ስማቸው በር ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል።

«አያ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አንድ ነገር አድርግ» አለኝ። «እሷን ካጣሁ እመነኩሳለሁ!»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን በላው። (እናንተዬ፣ አንጀቴ መበላት የጀመረው እንግዲህ ያን ቀን ነው።)

በርሄ የሚባል ድሬሰር ወዳጅ ነበረኝ፤ ከአስመራ ወደ ጤና ጣቢያችን ተመድቦ የመጣ ቀልደኛ። ችግሬን ስነግረው እህቱ ለራሷ የምትውጠው የመክሻ ክኒን አለ ብሎ አስላከልኝ። ካርቶኑ ላይ ወገቧ የሸንበቆ ያህል የሆነ ፈረንጅ ሴት ትስቃለች። ምን እንዳሳቃት ኋላ ነው የገባኝ።

«በቀን አንዲት ፍሬ፣ ከምግብ በፊት» አለኝ በርሄ። «ቅባት የሚባል አትንካ። ውሃ በደንብ ጠጣ። ሆድህን ትንሽ ትረብሸው ይሆናል።»

«ትንሽ ስትል?»

«ትንሽ... ብቻ ከቤት ርቀህ አትሂድ።»

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ ካርታ ስዬ የዓባይን መነሻ ሳስረዳ፣ ከሆዴ ውስጥ ሌላ ዓባይ ተነሣ! «አለቃ፣ ክፍሉን ዝም አሰኝ!» ብዬ ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ተማሪዎቼ ለምደውኝ፣ ጠመኔ ሳስቀምጥ ገና መንገድ ይለቁልኝ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ መድኃኒተኛ ሆነ። አንዷ የቡና ዱቄት በማር ላስ ትለኛለች፤ ሌላዋ የሩዝ ውሃ ጠጣ ትለኛለች፤ እናቴ ቡዳ ነው ብላ ጠበል ልትወስደኝ ተነሣች። በርሄ ደግሞ «ሥራዋን እየሠራች ነው» ብሎ ይስቃል። ቅቤ ያለበት ወጥ በቀረበ ቁጥር «ጾም ላይ ነኝ» እያልኩ አመለጥኩ። ዘመኑ ግን በዓለ ሃምሳ ነበርና፣ የደብሩ መሪጌታ ቢያድግልኝ ሰምተው «ፋሲካ በዋለ ማግስት የሚጾም መምህር መጣብን! ይህ ደግሞ የማን ሃይማኖት ነው?» እያሉ አወገዙኝ።

ግን ሱሪው ገባ! እንዲያውም ቁልፉ ያለ ልመና ተቆለፈ። ክኒኑን አቁሜ፣ ሆዴም አርፎ፣ ሽማግሌ ከሆኑልን ከመሪጌታ ቢያድግልኝ ጋር በበቅሎ ሞጣ ገባን። ስማቸውም ተከትሎን ነበር። ጥፋቱ የመጣው ካደርንበት ዘመድ ቤት ነው። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ ዶሮውን በጉርሻ አወረዱልኝ። ጠዋት ሱሪዬን ብታጠቅ... ቁልፍና ቀዳዳ እንደገና ተኮራርፈዋል። ምን ይደረግ? ከኪሴ የቀሩትን ክኒኖች አውጥቼ አንዲት ዋጥኩ። ለጥንቃቄ ብዬ ደግሞ ሌላ ደገምኩ። ከዚያ ትንፋሼን ይዤ ቆለፍኩና ወጣን።

ግራዝማች ደሴ ቤት ስንገባ ዘመድ አዝማድ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። «ተቀመጡ እንጂ» ተባልን። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ጉዳይ አለን፤ ቃል ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። ሽማግሌ የመጣበት ሳይሳካለት አይቀመጥም፣ ውሃ አይቀምስም፣ ተነሥቶም አይወጣም። ይህቺን «አይወጣም» ያዙልኝ።

የእኛን ሰባት ቤት እንደ ቃል ጥያቄ አንበልብዬ ጨረስኩ። ግራዝማች ግን የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። አባታቸውን ሲጠሩ የርስት ክርክር አለበት። አያታቸውን ሲጠሩ አንበሳ አደን አለበት። ቅድመ አያታቸው የሞላ ወንዝ በዋና ተሻገሩ... ውሃው እየጎረፈ፣ እየተንዶለዶለ... ኧረ ግራዝማች፣ ስለ ወንዝ ይተዉ! ላቤ በጆሮ ግንዴ ወረደ። አንዱን እግሬን በሌላው ላይ አጣመርኩ። መሪጌታ በጎን አዩኝና «ቁም እንጂ፣ ምን ያወዛውዝሃል?» ብለው ገሠጹኝ።

ግራዝማች ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እሱን የወለደ... ጠላት ስሙን ሲሰማ ቦታ ለቅቆ የሚሸሽለት... አባ ጎራው!»

ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ እኔም ከቤቱ ወጣሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል አይደል? ውሸት ነው! የእኔ ቁልፍ ያን ሰዓት አልፈታም አለ። ከጓሮው ቁልቋል ሥር ታግዬ ታግዬ በመጨረሻ ተፈናጥሮ ሄደ። ዝርዝሩን ሆድ ይፍጀው፤ ለነገሩ ሆዴ ያን ቀን ምንም መያዝ አልቻለም።

ሱሪዬን በእጄ ጨብጬ ስመለስ የልጅቱ እናት ጓዳ ውስጥ ድምፅ አውጥተው ያለቅሳሉ። ግራዝማች ቆመዋል።

«መምህር» አሉኝ፣ «ዘር ሲቆጠር በአባቶቼ ስም ላይ ጥሎ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ሰምተው ነው? ዘመድ ሆነን ነው? ደም አለብን? ወይስ እኛ የማናውቀው፣ አንቱ የሚያውቁት ነውር አለብን? ዛሬ ካልተነገረኝ ልጄን ሌላ ሰው ደጄ መጥቶ አይጠይቃትም።»

መሪጌታ በጆሮዬ «ተናገር እንጂ! አባ ጎራው የእኛም ነው?» አሉኝ። በመስኮቱ ሳይ ስማቸው ግቢ ውስጥ ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ በእውነቱ ፈራሁ፤ ለራሴ አይደለም፤ የሁለት ልጆች ትዳር በእኔ ሆድ የተነሣ ሊፈርስ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«ግራዝማች፣ አባ ጎራውን አላውቃቸውም። የወጣሁት በሆዴ ነው።»

«ሆድዎ ባሰ? ማን አስቀየመዎት?»

«አልባሰኝም... ተቅማጥ ነው።»

«ምን በልተው?»

«ክኒን።»

«የምን ክኒን?»

«የ... መክሻ።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢቸና እህል ጠፋ ማለት ነው» አሉ። «ሰዉ በክሳቱ እንዳያፍር በመድኃኒት እያሳበበ ነው።»

ይኸውላችሁ! ግራዝማችን ከነውር አወጣኋቸው ስል ዘመዶቼን ረሃብ ውስጥ ጨመርኳቸው። «ኧረ እህል ሞልቷል!» ብዬ ጮህኩ። «ሱሪው ነው! ሱሪው አልገባኝም ብሎ ነው!» ብዬ ጨርቁን በሁለት እጄ ጨብጬ እንደቆምኩ የሙሉ ልብሱን ታሪክ ከሳጥኑ እስከ ቁልቋሉ ተረክኩት።

ግራዝማች ደሴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ወርደው እንዲህ አሉ፦

«ታዲያ ልጄ... ሱሪውን አታሰፋውም ነበር?»

ስሙኝማ፣ አንባቢዎቼ! እኔ መምህሩ፣ በርሄ ድሬሰሩ፣ እናቴ ብልኋ፣ አንዳችን እንኳ ሱሪው ሊሰፋ እንደሚችል አላሰብንም። የሰውን ልጅ አንጀት ከማጥበብ የሱሪን ወገብ ማስፋት እንደሚቀል ለመስማት ሞጣ ድረስ በበቅሎ መሄድ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። «በበዓለ ሃምሳ የጾምከው ለዚህ ነው?» ብለው በመቋሚያቸው ጎሸሙኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከጓዳም ለቅሶው ቆሞ የታፈነ ሳቅ ተሰማ፤ የእናትነሽ ሳቅ መሆኑን ስማቸው ኋላ ነገረኝ።

ግራዝማች ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ፍርድ ሰጡ። «ሆዱን እንኳ መደበቅ ያልቻለ ሰው ዘር አይደብቀንም። ልጄን ሰጥቻለሁ!»

እልል ተባለ። መሪጌታ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ ግን ግራዝማች እጃቸውን አነሡ። «መቀመጡን ተቀመጡ፤ ግን ቆጠራው ተቋርጧል። የተቋረጠ ዘር ደግሞ ከመሐል አይቀጠልም።» ለእኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ተሰጠኝ፤ ቃል ስለ ተሰጠ መቀመጥ ይፈቀዳል። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና ከአባታቸው፣ ከርስት ክርክሩ ጀመሩ። አባ ጎራው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ። ወንድ ሆኜ ዋልኩ!

ይኸው ስማቸውና እናትነሽ ወልደው ከበዱ። ሱሪውንም ሞጣ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ቀጥሎበት ለሠርጉ ለብሼዋለሁ። እዚያ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ጓሮ የሚወጣ ሰው «ሽንት ቤት ልሂድ» ማለት ቀርቶ ሌላ አባባል ወጣለት። መጀመሪያ ልጆቹ፣ ግራዝማች በማይሰሙበት ይሉት ነበር። በኋላ አማቾቹ ለመዱት። ባለፈው በዓል ስሄድ ግን ግራዝማች ራሳቸው፣ አርጅተው፣ ከመሐል ጨዋታ በምርኩዛቸው ብድግ አሉና ወደ በሩ እያዘገሙ ዞረው አዩኝ፦

«መምህር፣ ሳልመለስ ወጉን አትጀምሩብኝ... አባ ጎራው ዘንድ ደርሼ መጣሁ።»