አንድ አፈሙዝ ወይስ ሁለት

የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ሲያስጨንቁት የኖሩ ታላላቅ ጥያቄዎች አሉ። ከወዴት መጣን? ወዴት እንሄዳለን? ስንሄድስ ስንቁን ማን ይይዛል? በረግረጉ ዳር ያለችው ትንሽ ከተማ ግን በእንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጉዳዮች ጊዜዋን አታባክንም ነበር። እሷን እንቅልፍ የነሳት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ አደገኛ አውሬ ሲመጣ የሚያዋጣው ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ነው ወይስ ባለ ሁለት?

ይህን ጥያቄ በበላይነት የሚመራው የከተማዋ የአዳኞች ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ሊቀመንበር አለው፣ ምክትል አለው፣ ክብ ማኅተም አለው፣ አዳራሽና ሰፊ ግቢም አለው። የጎደለው ነገር ቢኖር አደን ብቻ ነው። ከአባላቱ መካከል በገዛ እጁ አውሬ የጣለው ምክትሉ ሲሆን፣ እሱም አንዲት ጥንቸል በመኪናው ገጭቶ ነው፤ ያውም ወደ ኋላ ሲነዳ።

ሊቀመንበሩ በሙያው መድኃኒት ሻጭ ነበር። ሳል ይዞት የመጣን ሰው ሁለት ዓይነት ሽሮፕ ሳያስይዝ የማይሸኝ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ ሌላው አለ። እንዲህ ላለው ሰው እጣ ፈንታ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ማውረሷ ሊገርመን አይገባም። ጠመንጃውን የተወለት አጎቱ ነው። አጎትየው በሕይወት ዘመኑ የሳሎኑ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ይደግፍበት ነበር፤ በዚህም አገልግሎት ጠመንጃው ስሙ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም።

ሁለቱ አፈሙዞች እንደ መንታ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከሥራቸው ሁለት ቃታ አለ፤ ፊተኛው ለቀኙ፣ ኋለኛው ለግራው። ፊተኛውን ስበህ ትተኩሳለህ፤ አውሬው አልወድቅም ካለ ጣትህን ወደ ኋለኛው ታንሸራትታለህ፤ እንደገና ማቀባበል የለ፣ ምን የለ።

"ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላል ሊቀመንበሩ፣ ጠመንጃውን ባነሣ ቁጥር።

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ይመልሳል ምክትሉ።

ምክትሉ የጥርስ ሐኪም ነው። የእሱ ጠመንጃ ባለ አንድ አፈሙዝ ሆኖ አምስት ጥይት ይጎርሳል፤ ከየተኩሱ በኋላ ግን በእጅ መቀባበል አለበት። አምስት ከሁለት ይበልጣል፣ ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ይላል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ጎሽ እያቀባበልክ አይጠብቅህም ይላል። ሁለቱ በዚህ ምክንያት ከተጎራረሱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሊቀመንበሩ ጥርሱ ሲያመው በገዛ መድኃኒቱ እያስታገሠ ያድራል እንጂ ወደ ሐኪሙ አይሄድም።

ሊቀመንበሩ የአደን ልምምዱን የሚያደርገው ሳሎኑ ውስጥ ነበር። ትልቁን ትራስ ሶፋው ላይ ያቆምና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ብቅ ይላል።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለችው አንድ ቀን ሚስቱ።

"ዝም በይ፣ እየመጣ ነው።"

"ማን?"

"ጎሹ።" ትራሱን በአገጩ አመለከታት።

"እሱን የሰፋችው እናቴ ናት፤ እንዳትነካው።"

"አደገኛነቱ ፊቱ ላይ ተጽፏል።"

"የእናቴ ነው የትራሱ?"

ሊቀመንበሩ አስተዋይ ሰው ነበርና ባዶውን ጠመንጃ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ ከመንጋው የተባረረ ሽማግሌ ጎሽ ከረግረጉ ወጣ። መጀመሪያ የወተት ሻጩን ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ወረወረው። ሰውየው ዳሌው ተሰብሮ በጎረቤት ሸክም ቤቱ ገባ። ጎሹ ቀጥሎ ከመኖሪያ ሰፈሩ ወደ ሐኪም ቤቱ በሚወስደው ብቸኛ መንገድ ላይ ተጋደመ። ሰው ሲቀርብ ይነሣል፤ ሰው ሲሸሽ መልሶ ይተኛል። ስለዚህ የተሰበረው ሰው ወደ ሐኪም መሄድ አልቻለም፤ የማዶው ሐኪምም ወደ ተሰበረው አልመጣም። የወተት ሻጩ ከበር ሳንቃ ላይ ተኝቶ ሲያቃስት ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

"እህቴ ቀኗ ገብቷል" አለች የሊቀመንበሩ ሚስት። "ልጁ ዞሮ ተኝቷል፣ ቤት ውስጥ እንዳትወልድ ብለዋታል። ሐኪም ቤቱ ማዶ ነው። መሃል ላይ ጎሽ አለ። አንተ ጠመንጃ አለህ። ምኑ ነው የሚከብደው?"

"ጉዳዩ ለማኅበሩ መቅረብ አለበት። ግለሰብ ዝም ብሎ ተነሥቶ..."

"እሷስ ምጧን ለማኅበሩ ታቅርብ?"

እውነቱን ለመናገር ሊቀመንበሩ ፈርቷል። የሚስቱን እህት ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል፤ ሳል ሲይዛት ሽሮፕ እያጠጣ ያሳደጋት እሱ ነው። ስለ እሷ ሲያስብ ወደ ጠመንጃው ይሄዳል፤ ስለ ጎሹ ሲያስብ ደግሞ ይመለሳል። ጠመንጃውን ቢያነሣው ከበር መደገፊያነቱ ዘመን ይልቅ ከብዶታል። ፍርሃቱን ግን እንደ ማንኛውም ኃላፊ በሚገባ ያዘው፤ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራበት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባላቱ ከነጠመንጃቸው በአዳራሹ ተገኙ። የወተት ሻጩ ሚስት በታዛቢነት ከኋላ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። አጀንዳው "ጎሹን ስለ መግደል" የሚል ነበር፤ ከሞቀ ውይይት በኋላ "ጎሹን በምን ስለ መግደል" ተብሎ ተሻሻለ።

"የተከበራችሁ አባላት" አለ ሊቀመንበሩ፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ "አሁን ካለንበት ተጨባጭ ሁኔታ አንጻር ስንመለከተው፣ አውሬው ባለ አራት እግር፣ ባለ ሁለት ቀንድ ነው። ሁለት ቀንድ ላለው ጠላት ሁለት አፈሙዝ ማሰለፍ የመርህ ጉዳይ ነው።"

"እርስዎ እንደሚሉት ከሆነማ" አለ የጥርስ ሐኪሙ ተነሥቶ፣ "ለአራት እግሩም አራት አፈሙዝ ይታሰብለት። እኔ ሥራዬ ጥርስ መንቀል ነው፤ አንድ ጥርስ በሁለት ጉጠት ስነቅል አይቶኝ የሚያውቅ አለ?"

"ያየ ሰውማ አፉን እንደ ከፈተ ነውና መናገር አይችልም!" አለ ሊቀመንበሩ።

ከኋላ የወተት ሻጩ ሚስት ተነሣች። "ጌቶቼ፣ ባሌ ሳንቃ ላይ ነው ያለው። በአንድም ይሁን በሁለት፣ በመጥረቢያም ቢሆን፣ ብቻ ከመንገዱ አስነሡልን።"

"እሜቴ፣ መጥረቢያ በአጀንዳው አልተያዘም" አለ የጥርስ ሐኪሙ። ሊቀመንበሩም በዚህች አንዲት ነጥብ ከሐኪሙ ጋር ተስማማ።

ቀጥሎ ሊቀመንበሩ የመጨረሻውን ንግግሩን አደረገ። ያን ቀን እንደ ተናገረው ተናግሮ አያውቅም። ሁለተኛው አፈሙዝ የመጀመሪያው ሕሊና ነው አለ። አንድ ጥይት ምኞት፣ ሁለት ጥይት ግን ዕቅድ ነው አለ። እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ "ኑ! ኑ ይላል የእኛ አፈሙዝ፣ የመጣ ይምጣ!" ሲል፣ የአዳራሹ በር ተበርግዶ ዘበኛው እያለከለከ ገባ።

"ጎሽ! ጎሽ!"

ሊቀመንበሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። "አመሰግናለሁ።"

"ኧረ ጎሽ! ጌታዬ፣ ጎሽ!"

"የሕዝብ ስሜት ይኸውላችሁ" አለ ሊቀመንበሩ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የእሱ ወገኖችም ጠረጴዛውን እየደበደቡ "ጎሽ! ጎሽ!" ሲሉ አዳራሹ ተናጋ። የጥርስ ሐኪሙ ግን ተቆጣ። "ይህ ዘበኛ ተገዝቷል! ሥርዓት ይከበር! አባል ያልሆነ ሰው ማሞገስ አይችልም!"

"ማን አሞገሰ!" ዘበኛው ሊያለቅስ ደረሰ። "ባለ ቀንዱ ነው የምላችሁ! ግቢ ገብቷል፣ በደጅ ነው ያለው!"

ከውጭ ከባድ ትንፋሽ ተሰማ።

ለሊቀመንበሩ ክብር ሲባል መመስከር ያለብን፣ ወጥቷል። የወጣው የሚስቱ እህት ትዝ ብላው ይሁን፣ ወይም ከኋላ የሚገፉት ብዙ ስለ ነበሩ፣ እሱም ለይቶ አያውቀውም። በረንዳው ላይ ሲደርስ ጎሹ በግቢው መሃል፣ በብረት እግር ከቆመው የውሃ ታንከር አጠገብ ቆሞ ያየዋል። ትራሱን አይመስልም። የጥርስ ሐኪሙም ከጎኑ ደረሰ፤ በዚያች ቅጽበት አንቱታውም ተረሳ።

"አንተ ተኩስ እንጂ!"

"አንተስ? አምስት አለህ አይደል!"

ሊቀመንበሩ ጠመንጃውን አነሣ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ፊተኛው ቃታ የትኛው እንደ ሆነ ጠፋውና ሁለቱንም አንድ ላይ ሳባቸው። የመሰለው ሰማይ የተደረመሰ ነው። ሰደፉ ትከሻውን ብሎት በጀርባው አዳራሹ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው። ሁለቱ ጥይቶች የውሃውን ታንከር ሆድ ዘረገፉት።

የጥርስ ሐኪሙ በበኩሉ አምስቱንም ጥይት በሚያስደንቅ ፍጥነት አቀባበለ። ችግሩ፣ ቃታውን መሳብ ረስቶ ነበር። ጥይቶቹ ሳይተኮሱ አንድ በአንድ እየዘለሉ በረንዳው ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ "አለቀብኝ!" ብሎ ገብቶ በሩን ቀረቀረ።

ጎሹ ከታንከሩ በሚወርደው ፏፏቴ ሥር ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ። በከተማይቱ ውስጥ በጎ ነገር ያደረገለት የመጀመሪያው ሰው ሊቀመንበሩ ሳይሆን አይቀርም። ግቢው ጭቃ ሲሆን እግሮቹን አጥፎ ተዘርፍጦ ተኛበት፤ ከረግረጉ ይልቅ ተመችቶታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የወተት ሻጩ ሚስት ዘበኛውን በክንዱ ይዛ በአዳራሹ የጓሮ በር፣ ቅጥሩን ታክካ ወደ መንገድ ወጥታ ነበር።

"የግቢውን የብረት በር ቆልፈው" አለችው።

"ሰዎቹ ውስጥ ናቸው እኮ!"

"ጎሹም ውስጥ ነው።"

ዘበኛው ነገሩን በሁለቱም ወገን መዘነው፤ ከዚያ ቁልፉን አዞረ።

መንገዱ ተከፈተ። ያን ዕለት ከመምሸቱ በፊት የወተት ሻጩ ከነሳንቃው ሐኪም ቤት ገባ፤ ከኋላው የሊቀመንበሩ ሚስት እህቷን በጋሪ አስከትላ ደረሰች። ከተማዋ በማኅበሯ እንዲህ ኮርታ አታውቅም። አዳኞቹ አውሬውን ይዘውታል፤ የያዛቸው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የምቀኞች ነገር ነው። ሰፈርተኛውም ለአውሬው ጭቃው እንዳይደርቅበት ተጨንቆ፣ በቅጥሩ ላይ የውሃ ጎማ ዘርግቶ ውሃ ይለቅለት ጀመር።

በአዳራሹ ውስጥ ደግሞ ክርክሩ አዲስ ምዕራፍ ላይ ደረሰ። የጥርስ ሐኪሙ "ሁለቱም አፈሙዝ አንድ ጊዜ ከተተኮሰ አንድ ማለት ነው፤ ስለዚህ ያዋጣው ባለ አንዱ ነው" አለ። ሊቀመንበሩ ክንዱን በክራቫቱ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ "ያንተው ደግሞ ሳይተኩስ ስለ ጨረሰ ጠመንጃ ሳይሆን ቆርቆሮ ነው" አለ። የኢንሹራንስ ወኪል የሆነ አንድ አባል፣ ሁሉም ቤተሰባቸውን አስበው እንደ ሆነ በትሕትና ጠየቀ።

በማግስቱ ጠዋት የሊቀመንበሩ ሚስት ወደ መንገድ በሚያየው፣ ፍርግርግ ባለው መስኮት በኩል ዳቦና የትከሻ ቅባት ይዛ መጣች።

"ወለደች?" አለ ሊቀመንበሩ፣ ፍርግርጉን ጨብጦ።

"ወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።"

"እሰይ!" አለ፤ እንባውን በደህናው እጁ ጠረገ። ይህ እንባ ማስመሰል አልነበረበትም። "ስሚኝ እንግዲህ። ይብቃኝ። ትከሻዬ አብጧል፣ ሌሊቱን ሙሉ አላረፍኩም። ዋናው ከተማ ደውዪና የምር አዳኝ ይላኩልን።"

"ደውያለሁ። አዳኙን ራሱን ነው ያገኘሁት። ልነሣ ነው፣ ዛሬውኑ እደርሳለሁ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ ብሎኛል።"

"ምን?"

"ሁለት ጠመንጃ አለኝ፣ የትኛውን ልያዝ? ባለ አንዱን ወይስ ባለ ሁለቱን?"

ሊቀመንበሩ ያበጠ ትከሻውን አየ። ቤቱን፣ አልጋውን፣ ገና ያላያትን ሕፃን አሰበ። "የፈለገውን" ሊል አፉን ከፈተ፤ እውነትም ግማሹ ቃል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር።

"ባለ አንዱን በላት!" አለ የጥርስ ሐኪሙ ከኋላው።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፈነ። ቃሉን ዋጠው።

"ባለ ሁለቱን!" አለ።

"ባለ አንዱን!"

"ባለ ሁለቱን! ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ!"

ሚስቱ ዳቦውንም ቅባቱንም በፍርግርጉ አሾልካ አስገባች። ነጠላዋን አስተካክላ ትንሽ ቆማ አዳመጠቻቸው፤ ከዚያ ጎማ ይዞ ከቅጥሩ ሥር ወደ ቆመው ጎረቤት ዞረች።

"ጋሼ" አለችው፣ "ውሃውን ትንሽ ጨምሩበት።"