ለባላንስ ብዬ የለጠፍኳት ማግኔት

2017 ዓ.ም. ነው፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው፣ እና ትላንት የምስር ክክ የምታክል ማግኔት ሰው ፊት አዋረደችኝ!

አዎ፣ ማግኔት። ቀስ በሉ፣ እነግራችኋለሁ።

አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ፊደል ከገደፍኩ ኮሜንት ላይ እንዳታርሙኝ፤ የትላንቱ እርማት ለዓመት ይበቃኛል።

ሆሳዕና ቶርኖ ቤት አለኝ። ከቶርኖው ጎን ደግሞ ብረት ላይ ጥርስ የምታወጣ አንዲት አሮጌ ሚሊንግ ማሽን አለች። መቁረጫዋ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትዞር የተጻፈበት ሰሌዳ ድሮ ተፍቆ አልቋል። እኔ በጆሮዬ ነው የማውቀው። አርባ ዓመት በጆሮዬ!

ልጄ መሠረት ቴክኒክ ኮሌጅ ታስተምራለች። እሷ ናት ከአዲስ አበባ አንድ ዕቃ ያመጣችልኝ፤ የማሽኗን ፍጥነት በቀይ ቁጥር የሚያሳይ ዲስፕሌይ። ባለፈው ወር እዚሁ ገጽ ላይ ስቄበታለሁ፣ ታስታውሳላችሁ። «ጆሮ ያለው ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል?» ብዬ። ያን ሁሉ ላይክ ያዘነባችሁት እናንተ ናችሁ። ተባባሪዎች!

ግን አንድ ነገር ደብቄያችሁ ነበር።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ሰው ሲጠራኝ አልሰማም። ቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሲነገር ምን እንደተባለ ሚስቴን እጠይቃለሁ። መሠረት «አባ፣ ጆሮህን ለሐኪም እናሳይ» ስትለኝ «ጆሮዬ ምን ሆነና!» ብዬ እቆጣለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እፈራለሁ። ጆሮዬ ከሄደ ሙያዬም አብሮት ሄደ። ከዚያማ ምን ቀረኝ? በር ላይ ተቀምጦ ባጃጅ መቁጠር!

ስለዚህ ትላንት መሠረት ሥራ ስትሄድ ዕቃውን ራሴ ልገጥም ተነሳሁ። ማንም ሳያይ ጆሮዬን ልፈትነው።

ማንም ሳያይ ስል ወይዘሮ አበበችን ረስቼ ነው።

ወይዘሮ አበበች እዚሁ አቅራቢያችን ሆመቾ ከተማ ወፍጮ ቤት አላት። የወፍጮዋ ማርሽ ተሰብሮ ሳምንት ሙሉ ቆሟል፤ ደንበኞቿ ገብሳቸውን በጋሪ እየጫኑ ወደ ሌላ ወፍጮ እየሄዱባት ነው። አዲሱን ማርሽ ከትላንት በስቲያ ጀምሬላት አሥራ አንድ ጥርስ አውጥቼ አምስት ቀርቶኛል። ይዤው ካልሄድኩ አልነሳም ብላ ከማለዳ ጀምሮ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተተክላለች።

ገጠማው ቀላል ነው። ማግኔቷ የሚዞረው ዘንግ ላይ ትለጠፋለች፤ ፊት ለፊቷ ሴንሰሩ ይታሰራል። ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር ሴንሰሩ አንድ ብሎ ይቆጥራል። የመመሪያ ወረቀትም ነበረው፣ በእንግሊዝኛ። አጣጥፌ ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር አደረግኩት። በጣም ጠቀመኝ!

ካርቶኑ ውስጥ ግን ሁለት ማግኔት አለ።

እስቲ ሙያ ያላችሁ ፍረዱኝ። በሚዞር ነገር ላይ በአንድ ወገን ብቻ ክብደት ይለጠፋል? ጎሚስታ እንኳ ያውቀዋል! አንዷን በዚህ ወገን፣ ሁለተኛዋን ልክ በትይዩዋ፣ በካሊፐር ለክቼ በሱፐር ግሉ ለጠፍኩ። ለባላንስ!

እንዴት ያማረ ሥራ መሰላችሁ። ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ።

ማሽኗን አስነሳሁ። ጆሮዬ «ዘጠና ናት» አለኝ። ዲስፕሌዩ 182 አለኝ።

እጥፍ!

ማሽኗን አጠፋሁ። በቃ፣ ጆሮዬ ሞቷል። አሥራ አንዱ ጥርስ በዚሁ ጆሮ በሰላም መውጣቱ ትዝ እንኳ አላለኝም። ሚስቴን የማላምን፣ ቀበሌን የማላምን፣ የስልኬን ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር የማስተያይ ሰውዬ፣ ቀይ ቁጥር ሳይ አመንኩ። ቀይ ነዋ!

ፍጥነቷን የሚወስነውን ቀበቶ ቀያይሬ ዲስፕሌዩ 90 ሲል ተውኩት። ማሽኗ አቃሰተች። ጆሮዬ «ኧረ በጣም ዘገየች!» ይለኛል።

«አንተ ዝም በል፣ ሞተሃል» አልኩት።

እጄ ደግሞ ምንም አልሰማም፤ ማርሹን እንደ ልማዱ በዘጠናው ልክ ወደ መቁረጫዋ ገፋው።

ቋ!

ወይዘሮ አበበች ቀና አለች። «ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ የጤና ነው?»

የጤና አልነበረም። ማርሹስ ተረፈ፤ የመቁረጫዬ አንድ ጥርስ ግን ከሥሩ ተነቅሎ ወለል ላይ ወድቋል። ለዚያ ማርሽ የምትሆን መቁረጫ ደግሞ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

በዚህ መሀል መሠረት ለምሳ ከች አለች። እኔን አየች፣ ዲስፕሌዩን አየች፣ ጎንበስ ብላ ዘንጉን አየች።

«አባ፣ ሁለት ማግኔት ማን ለጠፈ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ለባላንስ።»

መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። «ሁለተኛዋ እኮ መለዋወጫ ናት! አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ እየቆጠረልህ ነው!» በፒንሳ ፈንቅላ አወጣቻትና ማሽኗን አስነሳች። ዲስፕሌዩ 45 አለ። በግማሽ ፍጥነት ነበር ብረት ስገፋ የቆየሁት!

ወይዘሮ አበበችም ዝም አላለችም። «እኔ አንድ ቁና ገብስ ሁለት ጊዜ ብቆጥር ሆመቾ ታሳድረኛለች? አንተን ግን ይኸው ሆሳዕና አስቀምጣ ታበላሃለች!»

ሁለቱ ሲስቁብኝ እኔም ሳቅኩ። አፍሮ ነው የሚስቀው ብለው ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ዘጠና ብዬ ነበር። ልክ ነበርኩ! ጆሮዬ ደህና ነው!

መሠረት ከፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ። «ለማሽን ደህና ነው» አለች። «ለሰው ግን ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

እሺ አልኩ። ስክሪንሾት አድርጉት፤ እሺ ስል ደጋግማችሁ አታገኙኝም።

ዛሬ ጠዋት ቶርኖ ቤቱን ስከፍት ወይዘሮ አበበች ዘመድ ቤት አድራ በር ላይ ትጠብቀኛለች። የተሰበረውን ጥርስ ሥር በግራይንደር አስተካከልኩ። መቁረጫዋ እንደ እኔው አንድ የፊት ጥርስ ጎድሏታል፤ ቀስ ተብሎ ከተበላ ግን ሁለታችንም እንበላለን። ባርኔጣዬን አውልቄ ዲስፕሌዩ ላይ ሰቀልኩበትና ቀበቶውን መልሼ ማሽኗን አስነሳሁ። አዳመጥኩ።

«ዘጠና» አልኩ ጮክ ብዬ።

የቀሩትን ጥርሶች በጆሮዬ፣ እጄን ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ጨረስኳቸው። መሠረት የፈነቀለቻትን ማግኔት አልጣልኳትም። የተሰበረውን ጥርስ ይዛ ማሽኗ ግንባር ላይ ተለጥፋለች፤ የገባ ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል።

ወይዘሮ አበበች ማርሹን ገና እንደሞቀ በጨርቅ ጠቅልላ ተነሳች። ማሽኗን አላጠፋኋትም ነበር። ስታልፍ፣ ማን እንዳዘዛት እንጃ፣ ባርኔጣዬን ገለጥ አደረገች።

«ጋሼ፣ ዘጠና አንድ ይላል!»

አንድ! የመሠረት ዕቃ ላይ እንግዲህ ሌላም ችግር አለ ማለት ነው፤ እኔማ ዘጠና ብያለሁ።

እስቲ ፍረዱ፤ አንዷን ዙር የጨመራት ዲስፕሌዩ ነው ወይስ እኔ ነኝ የበላኋት?