ማይኩን ሳይፈትሽ የማያስነካው ጋሽ ሰንበታ

ሰው ሁሉ በሚቸኩልበት ድግስ ላይ የማይቸኩል አንድ ሰው አይጠፋም። ሙሽሮቹ ደርሰዋል፣ ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠርጓል፣ እሱ ግን መድረኩ ስር ተንበርክኮ ገመድ ይዳብሳል። አዳማ ውስጥ ይህ ሰው ክቡር የኮረንቲ ጉዳዮች ሚኒስትር ጋሽ ሰንበታ ይባላል። ሹመቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እንጀራው የድምፅ መሳሪያ ማከራየት ነው።

እጅህን ወደ ማይክ ዘርጋና እየው። "ሂንቱቂን! እንዳትነካ!" ይልሃል በኦሮምኛም በአማርኛም፤ አንዱ ቋንቋ ባይገባህ ሌላው ይግባህ ብሎ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ቴስተሯን ይመዛል፤ ኮረንቲ ስታገኝ የምትበራውን ያቺን ትንሽ ካቻቢቴ። ማይኩን፣ ሚክሰሩን፣ የማይኩን ማቆሚያ ሳይቀር አንድ በአንድ ይነካካል። ቤቱም የሻይ ማንኪያ ሳይፈትሽ አያነሳም ይባላል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን ማንም አልተከራከረኝም።

ወለንጪቲ ላይ አንድ የተከበሩ ባለስልጣን ንግግራቸውን ይዘው ሲነሱ፣ "የቆሙበት ረጥቧል፤ ወረድ ይበሉልኝ" ብሎ አስወረዳቸው። ሰውየው ያለማይክ ጀመሩ፤ ደከማቸውና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሱ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ያመሰግነዋል። ቡልቡላ ላይ ደግሞ በባዶ እግሯ መዝፈን የምትወድ ልጅ ገጠመችው። የራሱን ቁጥር አርባ ሦስት የላስቲክ ነጠላ ጫማ አውልቆ አጠለቀላት። እስክስታውን በዚያው አስነካችው፤ በማግስቱ የከተማው ኮረዳ ሁሉ የአባቷን ጫማ አድርጋ ወጣች።

እንዲህ እየሳቅኩበት ዓመታት አልፈው የእህቴ የሉሊት ሰርግ ደረሰ። እናታችን በላይነሽ ልቧን ታማ ሐኪም ቤት ስትመላለስ የከረመችው "ሉሊትን ሳልመርቅ የትም አልሄድም" እያለች ነው። ቀኑ ደረሰላት። ቀትር ላይ የአዳማ ፀሐይ ድንኳኑን ይጠብሰዋል። መድረኩ ላይ የተጎዘጎዘው ሳር እንዳይጠወልግ ሴቶቹ በባልዲ ውሃ አርከፍክፈውበታል።

ጋሽ ሰንበታ ግን ከድንኳኑ ጀርባ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ እየቀበረ ነው።

"ኤርዝ ነው" አለኝ ላቡን እየጠረገ። "ኮረንቲ ካመለጠ ወደ መሬት ይሂድ እንጂ ወደ ሰው አይሂድ።"

"ጋሽ ሰንበታ፣ ሰርግ ነው እኮ! የውሃ ጉድጓድ አስመሰልከው!"

"ሰርግ ስለሆነ ነው የምቆፍረው።"

ደሜ ፈላ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ምንተስኖትም "ብራዘር፣ ከጎረቤት መስመር ሳብልኝና ልጀምር" አለኝ። ሳብኩለት። ሶኬቱ አልገጥም ሲለኝ የገመዱን ጫፍ ልጬ ሁለቱን ሽቦ ቀዳዳዎቹ ውስጥ በክብሪት እንጨት ወተፍኳቸው። ሦስተኛውን የኤርዝ ሽቦ ትርፍ ነው ብዬ አጠፍኩት። ወይ መሃንዲስነት! የምንተስኖት አሮጌ የብረት አምፕሊፋየር በራ፤ ከሚክሰሩም ጋር አገናኘነው።

እናቴ መድረኩ ላይ ወጣች። አዲሱ ጫማ ስላጠበባት አውልቃዋለች። እርጥቡ ሳር ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ወደ ማይኩ እጇን ዘረጋች።

"እማማ! እንዳይነኩት!"

ጋሽ ሰንበታ እስከ ጉልበቱ በአፈር እንደተለወሰ ዘሎ መሃል ገባ። ሰዉ አጉረመረመ። "ኧረ ተዋት፣ ትመርቅበት!" ብሎ የጮኸም ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ጋሽ ሰንበታ ቴስተሯን ማይኩ ላይ አሳረፈ።

በራች።

ማይኩ ውስጥ ኮረንቲ አለ፣ እናቴ ደግሞ በዚያ ልቧ፣ በዚያ እግሯ፣ በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቆማለች። ጋሽ ሰንበታ ኮረንቲውን ከጎረቤት ቆጣሪ አስጠፍቶ ገመዱን እየተከተለ ሄደ፣ የክብሪት እንጨቶቼንም አገኛቸው። ቀና ብሎ አየኝ። ሰዉ "ምን ተገኘ?" ሲለው "አምፕሊፋየሩ አርጅቶ ኮረንቲ ያፈሳል" ብቻ አለ። እውነቱን ነው፤ ያፈሰሰው ወደ መሬት እንዳይሄድ ኤርዙን ያጠፍኩት እኔ መሆኔን ግን ዋጠልኝ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! አሮጌውን አምፕሊፋየር አስወጣው። ዕቃውን ሁሉ ኤርዝ ካለው አንድ መስመር ላይ ሰካ። ሳሩን አስጠርጎ ደረቅ ምንጣፍ አስነጠፈ፣ እናቴንም ጫማዋን አስደረጋት። ዳግመኛ ፈተሸ፤ ቴስተሯ አልበራችም። መጀመሪያ ራሱ ማይኩን ጨብጦ "ሃሎ፣ አንድ፣ ሁለት" ሲል ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ሲያጉረመርሙ የነበሩት ሰዎች ትከሻቸው ላይ ሊያወጡት ተሻሙ።

እናቴን ማስተዋወቅ የእኔ ድርሻ ነበር። ማይኩን ያዝኩ፤ ማስተዋወቁን ግን ተውኩት። "ያንን ገመድ በክብሪት እንጨት የሰካሁት እኔ ነኝ" አልኩ ሦስት መቶ ሰው ፊት። "እናቴን ያተረፈልኝ ደግሞ ጋሽ ሰንበታ ነው። ይኸው ተናገርኩ።"

እናቴ ማይኩን ነጠቀችኝ። "ያንተን ጉዳይ ቤት እንነጋገራለን" አለችኝ፤ ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ሙሽሮቹ ለምርቃት ሲንበረከኩ በእጇ ከለከለቻቸው።

"እናንተ ቆዩ። ሰንበታ፣ ና ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ተንበርከክ።"

ክቡር ሚኒስትሩ አንገቱን ደፍቶ ተንበረከከ። "እኔን እንደጠበቅኸኝ አምላክ ልጆችህን ይጠብቅልህ" አለች እናቴ፣ ድምፅዋ በየስፒከሩ ጥርት ብሎ። ድንኳኑ በሙሉ "አሜን!" አለ፤ ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ።