በላይክ የተጠራ ቀብር

ፌስቡክ ላይ የሚጠፋ ጊዜ ዋጋ አለው ወይስ የለውም ተብሎ ሲጠየቅ በእኛ ሚዛን ተፈሪ መልስ የሌለው ሰው የለም። የስምንተኛ ክፍል አስተማሪያችን የለውም ይላሉ፤ ይህንንም ያሉት ፌስቡክ ላይ ነው። ቴፒ ቡና እርሻ የሚሠራው ወንድሜ አለው ይላል። እናቴ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ጊዜ ያባክናል ትላለች። መልሱ የጠፋኝ እኔ ብቻ ነኝ። ግራ የገባው ሰው ዝም ማለት ሲገባው ወግ ይጽፋል።

ለእኔ ፌስቡክ ታዛ ይመስለኛል። በእኛ አገር ክረምት ለጨው ተልካችሁ ስትወጡ ዝናብ ያገኛችሁና የሰው ታዛ ሥር ትቆማላችሁ። አንድ ሰው ይመጣል፣ ሌላም ይጨመራል፣ ወሬ ይጀመራል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ትቆማላችሁ። ጨዉስ? ጨዉን ማን አስታወሰው። ይሁን እንጂ ታዛ ሥር የቆማችሁበት ጊዜ ዋጋ ነበረው ወይ ብሎ የጠየቃችሁ መምህር እስካሁን የለም።

እኔ ዓይናፋር ነኝ። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ፤ እንግዳው ከቆየ ምሳዬም እዚያው ይመጣልኛል። የማውቀውን ሰው ከሩቅ ሳይ መንገድ እለውጣለሁ፤ በዚህ የተነሣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን የሚወስዱ ሰባት መንገዶች አውቃለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ወንድሜ አንድ የቻይና ስልክ ከቴፒ ላከልኝ። ማዕዘኑ የተሰነጠቀ ነው፤ ግን ፌስቡክ ይከፍታል። ስሜን «ዝምታ ወርቅ ነው» አልኩ፣ በፎቶዬ ቦታ የቡና አበባ አደረግኩ፣ በሦስት ሳምንት ሁለት መቶ ጓደኛ አፈራሁ። መንገድ የምለውጥባቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ አሉ። ሰላም ይሉኛል፣ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ጓዳም አልገባም። ለካስ እኔም ወሬኛ ነኝ።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። አንድ ቀን ስልኩ ላይ አቀርቅሬ ያዘኝ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ስንት ሰው ያይሻል አለኝ። ሁለት መቶ አልኩት። ሁለት መቶ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እኔ እንኳን ተረፍኩ ብዬ ነበር።

ጉዳዩ ለካ የእድሩ ጥሩምባ ነው። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ማርቆስ ናቸው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ድምፃቸው ግን አላረጀም። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነሥተው ጥሩምባውን ይነፉና የቀብሩን ሰዓት አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በቤንችኛ ይለፍፋሉ። ነገር ግን ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን ጥሩምባ ነጎድጓድም አይሰማም። የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ ይህን አንሥተው፣ ዓለም ሠልጥኗል፣ እኛ ግን እስካሁን እንነፋለን አሉ። አባቴም የእኔ ልጅ ሁለት መቶ ሰው ቤት ገብታ መናገር ትችላለች አላቸው። እኔን ማለቱ ነው፤ ጎረቤት ሄዳ ወንፊት መዋስ የምታፍረውን።

ተጠርቼ ትችያለሽ ወይ ተባልኩ። ዝም አልኩ። የዓይናፋር ሰው ችግሩ እሺታውም እምቢታውም ዝምታ መሆኑ ነው፤ ሰሚው ደግሞ ሁልጊዜ የሚመቸውን ይመርጣል። ቀጣዩ ቀብር በፌስቡክ ብቻ እንዲጠራ፣ ከሠመረም ጥሩምባው ዕቃ ቤት እንዲገባ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ማርቆስን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ ሰባቱም መንገዶች አላዳኑኝም። ወራሼ አንቺ ነሽ አሉ፣ ጎበዝ፣ የአንቺው መቼም ሳንባ አይፈጅም ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። እኔ እኮ፣ አሉኝ፣ በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥዬ የምሰማ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ከሰው እኩል ልሰማ ነው። መሬት መሬት አየሁ።

ቀጣዩ ቀብር ብዙ አልቆየም። ገበያ ውስጥ ኮረሪማ የሚሸጡት እማማ በለጡ አንድ ሐሙስ ማለዳ አረፉ። አባቴ እየነገረኝ ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ጻፍኩ። ፎቶ ያስፈልጋል ተባለ፤ የተገኘው ኮረሪማቸው ፊት ተቀምጠው የሚስቁበት ነው። ኔትወርኩ ክብ እየሠራ ሲሽከረከር ቆየና ለቀቀው። እነሆ፣ «ዝምታ ወርቅ ነው» በሚባል ሰው አፍ የእማማ በለጡ ዕረፍት ለዓለም ተነገረ።

ከዚያ ላይኩ መዝነብ ጀመረ። አንድ ሲጨመር ደስ ይለኛል፣ የምደሰትበትን ነገር አስታውሼ አፍራለሁ፣ ሌላ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ደስ ይለኛል። ነፍስ ይማር ይላሉ። ከዓረብ አገር ሳይቀር ነፍስ ይማር ይላሉ። አንዷ ፎቶውን ብቻ አይታ ነው መሰለኝ ኮረሪማው ስንት ነው አለች። የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደረደሩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እዚህማ እንባው ቀድሞ ተሥሎ የተቀመጠ ነው።

አቶ ደምሴ ስንት ደረሰ ብለው ሰው ይልካሉ። ሰማንያ ሲባሉ ሁለተኛ ድንኳን አስተከሉ። መቶ ሃያ ሲባሉ ከጎረቤት እድር አግዳሚ ወንበር አስመጡ። መቶ አርባ ሲባሉ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ ይወርዳል። በሁለት ድንኳን ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ወንበር ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ ከእነሱም ስድስቱ የሟች ዘመዶች ናቸው። የቀረው ሰው የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ቤቱ ነው። ነፍስ ይማር ብሎ ጽፏል፣ ሌላው ሰው ደግሞ ላይክ አድርጎለታል፣ ስለዚህ ለቅሶ ደርሶ እንደተመለሰ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። የእማማ በለጡ ልጅ ባዶውን ወንበር ከዳር እስከ ዳር አየችና፣ እናቴ ሰው አልነበራትም እንዴ አለች። የጠየቀችው ማንን እንደሆነ አይታወቅም።

ስልኩ እጄ ላይ ነበር። መቶ አርባ ሦስት ይላል። ላሳያት? ሳጥኑን የሚሸከም ጎልማሳ ጠፍቶ ሳለ፣ መቶ አርባ ሦስት ሰው ነበራት ልበላት?

እግሬ ወደ ጋሽ ማርቆስ ቤት ወሰደኝ። መናገር ስላቃተኝ ስልኩን ዘረጋሁላቸው። ልጄ፣ እኔ ያለ መነጽር አላይም አሉ። መናገር ግድ ሆነብኝ። ሰው አልመጣም አልኩ። ማን ላከሽ አሉኝ። ማንም አልኩ። ተነሥተው ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አወረዱ። እኔ የኮባ ቅጠል ቆርጬ ከራሳቸው በላይ ያዝኩላቸው።

አንዴ ነፉት። እውነትም አይሰማም። የገረመኝ ግን እሳቸው አለመገረማቸው ነው። በዝናብ እንደማይሰማ አውቃለሁ እኮ፣ የምነፋው ለወጉ ነው አሉኝ። ከዚያም የመጀመሪያውን በር አንኳኩ። ለካስ እኚህ ሰው ክረምቱን ሁሉ የሚሠሩት በጥሩምባ ሳይሆን በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ኖሯል። ደግሞም ተናግረው ብቻ አይሄዱም፤ ባለቤቱ ጫማውን እስኪያጠልቅ በር ላይ ይቆማሉ። ውኃ የሚንጠባጠብበት ሽማግሌ ደጁ ቆሞ ሳለ አልወጣም የሚል ደፋር በሰፈራችን አልተወለደም።

ብዙዎቹ ሰምተናል፣ ጽፈናል እኮ ይላሉ። ጋሽ ማርቆስም ጽሑፋችሁ ትከሻ አለው ወይ ይሉና ይቆማሉ። ሳሙኤል የሚባል ባለሞተር ወጣት ስልኩን አውጥቶ፣ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሜ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ አሳያቸው። መልካም፣ አሉት፣ ከሁሉ የምትቀድም ከሆነ ሳጥኑንም ከፊት ትይዛለህ። ያዘም።

ቀብሩ ዘገየ እንጂ በሰው ታጅቦ ሄደ። ጋሽ ማርቆስ ግን አልተከተሉም። የመጨረሻውን በር ካንኳኩ በኋላ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው፤ እኔን ተደግፈው ቤታቸው ገቡ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የእድርተኛው ስም ሲጠራ ሁለታችንም አልነበርንም።

ጣጣው የመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ በእድሩ ስብሰባ ነው። አቶ ደምሴ በመጀመሪያ እኔን አመሰገኑ። ሰው ትንሽ ዘግይቷል እንጂ ፌስቡኩ ሠርቷል አሉ። ምክንያቱም በቀብሩ ዕለት በምን ሰማህ ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ ፌስቡክ ላይ አይቼ ነው ብሏል። ውሸት አይደለም፤ አይቷል። ሽማግሌ ደጁ ቆሞ እንዳስወጣው ግን ማን በአፉ ይናገራል? ቀጥለው የቀሪዎችን ስም አነበቡ። ሰፈሩ ሁሉ ተገኝቷል። የቀረ እድርተኛ አንድ ብቻ ነው፤ ማርቆስ። በደንባችን የእድሩ አገልጋይ ከቀብር ከቀረ የያዘውን የእድር ዕቃ ያስረክባል። ጋሽ ማርቆስ እያነከሱ መጥተው ጥሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ወደ ኋላ ተመለሱ። ለሰው እንጂ ለራሳቸው መለፈፍ አልለመዱም።

እውነቱን ለአባቴ በስብሰባው ዋዜማ ነግሬው ነበር። የነገውን ቃለ ጉባኤ አስቀድሜ ጽፌ ስምሽን በምስጋና አስፍሬዋለሁ፣ አሁን ልሰርዘው ነው እንዴ አለኝ። ያዘነም ይመስላል፣ የኮራም ይመስላል። እኔም ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ስለዚህ መናገር ያለብኝ እኔ ነበርኩ፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ደግሞ የማውቀውን አንድ ነገር አደረግኩ። አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ፤ ጋሽ ማርቆስ የቀሩት እናንተን ከየቤታችሁ ሲያወጡ ጉልበታቸው ከድቷቸው ነው። ለቀቅኩት። አንዱ ኪስ ጢጥ አለ። ሌላው ጢጥ አለ። ሰው አንገቱን ደፍቶ አነበበ። ላይክ፣ ላይክ፣ ላይክ። አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ አርባ ላይክ ተቆጠረ፤ እጁን ያወጣ ግን አንድም የለም። አቶ ደምሴ ስልካቸው ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅምና፣ ተቃውሞ ከሌለ ርክክቡ ጸድቋል አሉ።

ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አትጠይቁኝ። ተናገርኩም። ነገር ግን ዝናቡ ከላይ ቆርቆሮውን እየወቀጠ የእኔን ድምፅ ማን ይሰማል? አቶ ደምሴ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ምን አለች ይላሉ። ያን ጊዜ ጋሽ ማርቆስ ከኋላ መጥተው አጠገቤ ቆሙና ንገሪኝ አሉኝ። በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም ሥራቸው ነውና ጉሮሯቸውን ጠርገው ለፈፉት። እድርተኞች፣ አሉ፣ ይህች ልጅ የምትለው እንዲህ ነው፤ ማርቆስ የሚባለው ሰው ከቀብር የቀረው በየደጁ ዞሮ ሰው ሲያስወጣ ጉልበቱ ከድቶት ነው። ስለ ሌላ ሰው የሚናገሩ ነው የሚመስሉት። ጨርሰው እንደ ልማዳቸው በቤንችኛ ደገሙት።

እድሩን ልታመሰግን የመጣችው የእማማ በለጡ ልጅ ከጥግ ተነሣች። ያ ወንበር እስከ ስንት ሰዓት ባዶ እንደነበረ እኔ አውቃለሁ፣ ማን እንዳመጣችሁ ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ አለች። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት፣ እኔን ያወጣኝ ማርቆስ ነው ብለው ቆሙ። ከዚያ እኔንም የሚል አንድ ሰው ተነሣ። ቀስ በቀስ የአዳራሹ ግማሽ ቆመ። አቶ ደምሴ ጥሩምባውን በሁለት እጃቸው አንሥተው መለሱ። አባቴም በቃለ ጉባኤው ላይ የእኔን ስም ሰርዞ ከላዩ የጋሽ ማርቆስን ጻፈ፤ ስርዙ ላይ ብዕሩን ጠበቅ አላደረገም።

ታዲያ ፌስቡክ ከንቱ ነው እንዳልል፣ የእማማ በለጡ ታናሽ እህት ማሻ ከተማ ሆና የሰማችው በእኔ ጽሑፍ ነው። ለሩቅ ሰው ይቀጥል ተባለ። ሥራው እስካሁን በእጄ ነው። እንግዲህ ዋጋ አለው ወይስ የለውም? ፍረዱኝ።

ከስብሰባው ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ከጻፍኩት ሥር ሳሙኤል አስተያየቱን አስፍሯል። ይህ ጉዳይ ስብሰባው ላይ በግልጽ መነሣት ነበረበት፣ የእኛ ሰው ግን ፈሪ ነው ይላል። የጻፈበትን ሰዓት አየሁት። ጋሽ ማርቆስ ፊቱ ቆመው በቤንችኛ እየደገሙት ሳለ ነው።

ላይክ አደረግኩለት።