የጋሽ ደረስኩ መድረሻ

ገና ካልሲውን እየፈለገ በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ!» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ ሄጄ ቤት ልከራይበት።

የእኛው የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። እናት አባት ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከሻረው ቆይቷል፤ «ጋሽ ደረስኩ» ነው የሚላቸው። እኔ ደግሞ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሱቆቻችንን የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው፤ በእኔ በኩል አርባ ሰዓት ባንድነት ይቆጥራል፣ በእሳቸው በኩል ጊዜ የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ደንበኛ መጥቶ «ጋሼ፣ ሱሪዬስ?» ካላቸው «ደርሷል!» ነው መልሳቸው። ደርሷል ማለት ጨርቁ ገና አልተቆረጠም ማለት ነው። «ሊደርስ ነው» ካሉ ጨርቁ ጠፍቷል። በሃያ ዓመት ጉርብትና ይህን ቋንቋ አቀላጥፌ ስለተማርኩ «ደረስኩ» ባሉኝ ቁጥር ግማሽ ሰዓት እደምርበታለሁ። ስቼም አላውቅ።

እንግዲህ እኚህ ክቡር ሰው ናቸው በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ሯጭ ልሁን ብለው የተነሱት። ምን ነክቷቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ዕድሜ ልኬን ሰው ስለካ ኖርኩ፤ አንዴ ደግሞ ራሴን ልለካ» አሉኝ።

የከተማችን ዓመታዊ ሩጫ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ሩጫው ከተጀመረ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ፊሽካ ይነፋል፣ ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ስሙ ውጤት ዝርዝር ላይ አይሰፍርም። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። «መድረሻ» የሚለውን ትልቁን ጨርቅ የሰፉት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ደረስኩ ናቸው፤ ሩጫው በተካሄደ በማግስቱ «ደርሷል» ብለው አመጡልን።

አምስት ዓመት ሮጡ፣ አምስቱንም ዓመት ፊሽካው ቀደማቸው። አንዱን ዓመት ሲደርሱ ሠራተኞቹ ጨርቁን እየጠቀለሉ ነበር፤ «አባባ፣ እስቲ ይቺን ጫፍ ይያዙልን» ቢሏቸው ይዘው አብረው ጠቀለሉ። ሌላ ጊዜ አምቡላንስ ከኋላ ከኋላቸው ሲያዘግም ዞር ብለው፣ «እለፉ፣ እኔ አልቸኩልም» አሉት። በሦስተኛው ዓመት ጭራሽ ሰው አልነበረም። መንገድ የምትጠርግ አንዲት ሴት አገኙና፣ «እህቴ፣ መስመሩ የት ጋ ነበር?» አሏት። በመጥረጊያዋ እጀታ አሰመረችላቸው። ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሮጠው ገቡ። አጨበጨበችላቸው።

ሰፈሩ ሲስቅ ባለቤታቸው ብቻ አይስቁም። «የኔ ሰውዬ ይዘገያል እንጂ ቀርቶ አያውቅም» ይላሉ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ሐኪሙ ጉልበታቸውን አይቶ፣ ከዚህ በኋላ ሩጫ የሚባል ነገር አይታሰብም አላቸው። ከሩጫው ሁለት ቀን በፊት ሱቄ መጥተው ዱካው ላይ ተቀመጡ። ስለ አየር ጠባዩ ሲጠይቁኝ ቆዩ።

«ልጄ» አሉኝ በኋላ፤ «ላሸንፍ አላልኩም። ስሜ እዝርዝሩ ግርጌ፣ አጉሊ መነጽር እስኪያስፈልግ በትንሹም ቢሆን ይጻፍልኝ። ዘንድሮ ካልሆነ ሌላ የለም።»

የማሾፍበት ነገር አጣሁ። ያን ቀን አንጀቴን በሉት።

የሩጫው ዕለት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሲሆን መንገዱ ጭር አለ። ከእሳቸው በስተቀር ያልገባ አልነበረም። ስልኬ ጮኸ።

«ደረስኩ!» ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«የት ጋ ነዎት ጋሼ?»

«ደረስኩ አልኩህ እኮ!» ተዘጋ።

ዋናዋ ዳኛ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። «ምን አሉ?» አሉኝ።

«ደረስኩ ነው የሚሉት።»

እዚያ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ፣ «ጎረቤትህ ናቸው፣ የምታውቃቸው አንተ ነህ። ጨርቁ ይውረድ?» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ደመርኩ። «ይውረድ» አልኩ።

ምሰሶዎቹ መኪና ላይ ተጭነው፣ ጨርቁ እኩሌታው ተጠቅልሎ ሳለ፣ ከዳቦ ቤቱ መታጠፊያ ብቅ አሉ። በእውነት ደርሰው ነበር! አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው ጨርቁ ይኖርበት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ። አይተው ቆም አሉ። ያን መቆማቸውን መቼም አልረሳው።

«ጨርቁን! ጨርቁን ዘርጉት!» ብዬ ጮህኩ። አንዱን ጫፍ ይዤ ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ዳኛዋ ሌላኛውን ጫፍ ይዘው ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ባለቤታቸው፣ «በርታ! በርታ እንጂ አንተ ሰውዬ!» እያሉ ነጠላ ጫማቸው ከእግራቸው እስኪወልቅ ዘለሉ። ጋሽ ደረስኩ እንደገና ተንቀሳቀሱ። እያነከሱ፣ እየተንገዳገዱ በጨርቁ ሥር አልፈው ባለቤታቸው እቅፍ ውስጥ ወደቁ። ፊሽካ ነፊው የራሱን ሰዓት አይቶ የነፋው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ወንበር ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። ሰው እንደዚያ ወድጄ አላውቅም። ዳኛዋ «በስንት ደቂቃ ገቡ?» ሲሉኝ ነው አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሰዓት ያስታወስኩት፤ ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃን አልፎ ይሮጣል። ሁለት እጄ ጨርቅ ይዞ፣ ሰዓት ሠሪው ሰዓት ማቆም ረሳሁ! ከፊሽካው በፊት መግባታቸውን ሁሉም አይቷል፤ ደቂቃውን ግን የሚያውቅ የለም። እዝርዝሩ ግርጌ ስማቸውን ጽፌ፣ ደቂቃና ሰከንድ በሚገባበት ቦታ «በሰዓቱ» አልኩበት።

በነጋታው ዝርዝሩን ይዘው ሱቄ መጡ።

«ልጄ፣ የሰው ሁሉ ቁጥር ነው። የእኔ ምነው ቃል ሆነ?»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ደረስኩ ሲሉኝ አላመንኩዎትም። ጨርቁን ያስወረድኩት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ስማቸውን እንደገና አነበቡ።

«እኔስ ደረስኩ ስል አምኜው የነበረ መሰለህ?» አሉኝ።