በበጎች ላይ የተጻፈ ማመልከቻ

የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ በሰሌዳ ላይ ያልተሳለ ነገር ያለ አይመስለውም። እኔም ይህን አመል ሠላሳ ዓመት በጠመኔ አጥብቄዋለሁ። የሥነ ሕይወት መምህር ነበርኩ። ፀሐይን፣ ሣርን፣ በግን፣ ሰውንና አፈርን በቀስት አያይዤ ክብ ስሠራ፣ አንዲት ቀስት የዘለለ ተማሪ ዜሮውን ይታቀፍ ነበር፤ ያረፈደ ደግሞ ከነሰበቡ ከበር ይመለሳል። ምናልባት ከእነርሱ አንዱ ከሆናችሁ ይቅርታ አልጠይቅም። ጠቅሟችኋል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ዝቅ ብላ በምትገኝ ቅያስ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሦስት በጎች ያረባሉ። ለአረፋ ሸጠው የሚያፈሰውን የቤታቸውን ቆርቆሮ ሊቀይሩ ቆርጠዋል። መኖ ግን አይገዙም። በጎቹ ጠዋት ይለቀቃሉ፤ ከጫት መደብሩ ገረባውን፣ ከአትክልት ቸርቻሪዋ የጎመን ቅጠሉን፣ ከጁስ ቤቱ ልጣጩን ለቃቅመው ማታ ያለ እረኛ ይመለሳሉ። በደጄ ሲያልፉም ባዶ እጃቸውን አያልፉም፤ በጠጣቸውን አራግፈውልኝ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ ያለ ጠባቂ ስለሚዘዋወሩ በጎች»። ራስን ማመስገን ባይሆንብኝ፣ በቋንቋው እንከን አልነበረበትም። ወደ ወረዳ ከመውሰዴ በፊት ግን፣ ሰውን ከኋላው መክሰስ ነውር ነውና፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበብኩላቸው።

«አማርኛው ያምራል፣ ጋሼ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ግን ከታገዱብኝ ሳይወፍሩ ለተገኘው ገዢ መስጠቴ ነው። ጣሪያዬ ደግሞ ይህን ክረምት አይችልም።»

«በሥርዓት መኖር ይሻላል፣ እትዬ።»

«ይሁን። አንድ ሳምንት ከቤት አላወጣቸውም፤ ያለችኝን ጭድ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ልብዎ ከፈቀደ ማመልከቻውን ይውሰዱት።»

ድምዳሜ ሁሉ በሙከራ ይረጋገጥ ብዬ ያስተማርኩ ሰው፣ እንዴት እምቢ እላለሁ?

በመጀመሪያው ቀን ደጄ እንደ መስታወት ጠዳ። በሦስተኛው ቀን ከቅያሷ አፍ ላይ የተከመረው ገረባ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ጎመኑ ሸተተ፤ ዝንቡም የነዋሪነት መታወቂያ ያወጣ ይመስል ተደላደለ። በጠጡን ለማዳበሪያ የሚወስደው የአብነት ሰፈሩ ችግኝ ሻጭ ባዶ ጆንያውን ይዞ መጣና፣ «በጎቹ ምን ነካቸው? ማን አስከፋቸው?» ብሎ የጠየቀው እኔኑ ነው።

በአምስተኛው ቀን ዘነበ። ያ ሁሉ ቅጠል ቱቦውን ደፈነና ጎርፉ የማንንም ቤት ሳይመርጥ የእኔን መረጠ። ማመልከቻውን ያኖርኩበትን ጠረጴዛ እግር ውኃው ሲያጥብ ነው ቀስቶቹ የታዩኝ። ከመደብሩ ወደ በጉ፣ ከበጉ ወደ ችግኙ፣ ከበጉ ወደ እትዬ ዘይነባ ጣሪያ፤ ማንም ሳይስለው፣ ማንም ሳይፈርምበት፣ በደጄ ሲዞር የኖረ ክብ! የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ እኔም ነክሬበታለሁ።

ይቅርታ መጠየቅ ስለማላውቅበት፣ ሱሪዬን እንደሰበሰብኩ ሄጄ ክቡን በማመልከቻው ጀርባ ስዬ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አዟዙረው አዩት።

«ይሄ ጫት ሻጩ፣ ይሄ በጉ፣ ይሄ የኔ ቆርቆሮ… ገባኝ። እርስዎስ የቱ ጋ ነዎት፣ ጋሼ?»

ፈለግሁ። የለሁም። በራሴ መመዘኛ፣ ዜሮ።

በጎቹ በዚያው ቀን ተፈቱ። ሁለቱ ወፍረው ለአረፋ ተሸጡ፤ ከባዱ ዝናብ ሳይገባም አዲሱ ቆርቆሮ ተመታ። የቀረችው እናቲቱ በግ ግን ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ትቆማለች፤ የሙዝ ልጣጬን ካልተቀበለች ንቅንቅ አትልም። ካረፈድኩ ቅያሷ እስኪሰማ ትጮኽብኛለች። ሰበብ አላቀርብም። ያረፈደ ሰው ሰበብ እንደማይሰማለት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።