ሚኔጊሺ ሰንሴይ አልጋቸው ላይ የሉም

ጠያቂ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። «እንደምን አደርክ» ብሎ ጀምሮ ቅድመ አያትህ መቃብር ሳይደርስ የማይለቅህን ሰው ማለቴ ነው። የኛ ቶኪዮ ደግሞ በዚህ በኩል ታድላለች፤ ክብርት ሃትሱኤ ሚኔጊሺ አሏት። የአሥራ ሦስት መጻሕፍት ደራሲ፣ የእስያ መንደሮች ሁሉ የክብር አክስት፣ እኔን አርታኢያቸውን ደግሞ በሃያ ዓመት ያሸበቱ።

«ሰንሴይ» ነው የምንላቸው፣ «መምህር» እንደማለት፤ የሚጽፉትም በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው። ችግሩ፣ አይተው አይጠግቡም። ስለ ሽመና ሊጽፉ ላኦስ ለሁለት ሳምንት ሄደው አምስት ወር ቀሩ። ስደውል፣ «ታገስ እንጂ፣ ጎሿ ልትወልድ ነው!» አሉኝ። የሽመናው መጽሐፍ የጎሽ መጽሐፍ ሆኖ መጣ። ጃቫ ላይ ደግሞ ታክሲ ነጂውን «አንዲት ጥያቄ ብቻ» አሉት። ሰውዬው ስለ ልጁ ሠርግ ሲያወራ መታጠፊያውን ሳተ፣ አውሮፕላኑም አመለጣቸው። እሳቸው ምን ገዷቸው? ሠርጉ ላይ ሰነበቱ!

ባለፈው ዓመት፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ለአዲስ መጽሐፍ ወደ ሞንጎልያ ሊጓዙ ሲሰናዱ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ጉዞ የለም» አለ። አለቃዬ ሂራማትሱ አበባ አሸክሞ ላከኝ።

«የሞንጎልያው መጽሐፍ ቀርቷል በላቸው። አደራ፣ አበባው ይቅደም።»

ሆስፒታል ስደርስ አልጋው ባዶ ነው። ነርሷ ተማረረችብኝ፤ «ኧረ ይምከሩልን! ሴትዮዋ በሽተኛ ናቸው ወይስ መርማሪ?»

ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከተለያዩ የእስያ አገሮች የመጡ ሦስት የሆስፒታሉ አስታማሚዎች አንሶላ እያጠፉ ያወሯቸዋል። ከፊሊፒንስ የመጣችው ማሪቪክ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ትስቃለች።

«እዚህ ስድስት ዓመት ስሠራ የልጄን ስም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለችኝና የአንድ አንሶላ ጫፍ አስያዘችኝ።

«ሰንሴይ፣ የሞንጎልያው ጉዳይ...» ብዬ ጀመርኩ፣ አንሶላውን እያጠፍኩ።

«ሞንጎልያ ምን ያደርግልኛል? እስያ እዚሁ አንሶላ እያጠፈች!» አሉና እጄን አተኩረው አዩት። «ቶኩናጋ፣ እንደሱ ሦስት ቦታ ማጠፍ ማን አስተማረህ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ከጥያቄያቸው ሳመልጥ ኖሬያለሁ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ፣ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው ብዬ። አሁን ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል።

«አያቴ» አልኩ።

«እንዲህ ሲታጠፍ እዚህ አገር አላየሁም። የየት አገር ሰው ነበሩ?»

ቤታችን ይህ አይነሳም። አያቴ ባዕድ በሚናቅበት ዘመን መጥተው፣ ስማቸውን ቀይረው፣ ቋንቋቸውን ውጠው ነው የሞቱት። ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

«የኮሪያ። ከጄጁ ደሴት።»

ሰንሴይ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እውነተኛ ስማቸውስ?»

«ቦክ-ሱን» አልኩ። ማሪቪክ ቀስ ብላ አንሶላውን ከእጄ ወስዳ ወንበር ሳበችልኝ። ሁለት ሰዓት አወራሁ፤ አያቴ እንዴት እንደሚስቁ ሳይቀር።

አመሻሹ ላይ ሂራማትሱ ደወለ።

«ቁርጡን ነገርካቸው?»

«መጽሐፉ ተጀምሯል» አልኩት።

«ምን? ስለ ማን?»

«ለጊዜው ስለ እኔ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት፤ ሰንሴይ ገና አልጨረሱኝም ነበር።